ሦስት መርፌ በቀዘቀዘ ልብ

ጀናዛ ሳጥብ ተሳስቼ አላውቅም። ከአርዲቦ እስከ ሐይቅ ዳር የሞተች እስላም ሴት ሁሉ የመጨረሻ ውኃዋን ያገኘችው ከእኔ ከኡሙሰልማ እጅ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። ፊደል የቆጠሩት ግን ቤታቸው ሰው ሲወድቅ የሚያንኳኩት የእኔን ደጅ ነው። ሞታለች ያልኳት ሞታለች፤ ገና ናት ያልኳት ገና ናት። አንዴ ለአንዲት ሴትዮ ከፈን ተቀዶ፣ መቃብር ተቆፍሮ፣ ቃሬዛው ደጅ ቆሞ ሳለ አንገቷ ሥር እጄን ሰድጄ "ይቺን አጥሚት ስጧት" ብያቸው ወጥቻለሁ። ሴትዮዋ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። አንድም ቀን አላመሰገነችኝም።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራም ቢሆን የሠራሁበት ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ላይ ግን ይኸው የምኮራበት አፌ የወንድሜን ልጅ ሊያስገድላት ነበር፤ እሱን ልናገር ነው።

ልጅቱ ራህማ ትባላለች። የወንድሜ የዘይኑልአቢዲን ልጅ ናት። እናቷ አራስ ሆና ስለሞተች ጡት ባላጠባትም ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ደሴ ትማር ነበር። የተከለከለ ወረቀት በትናለች ተባለ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ አላውቅም፤ ብታነብልኝም የምወደው አይመስለኝም። በዚያ ዓመት ግን ሰው በወረቀት ይሞት ነበር። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሲያዙ ሸሽታ እኔ ዘንድ መጣች። አሥራ ሁለት ቀን ከላሞቹ ጀርባ ጭድ ውስጥ ደበቅኳት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ የንጋቱ ሱብሒ ሳይሰገድ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኑርዬ ጠመንጃ ያነገቱ አብዮት ጠባቂዎቹን አስከትሎ ደጄን መታ። ኑርዬን ከነንፍጡ ነው የማውቀው። እናቱንም ያጠብኳት እኔ ነኝ። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ አንቱ ማለቱ ጠፋበትና አንቺ ይለኛል።

"ራህማ የት አለች?"

"ደሴ ነዋ። እናንተ አይደላችሁ እዚያ ያለውን ሰው የምትቆጥሩት?"

እኔ ደጅ ላይ አፌን እያሾልኩ ጊዜ ሳባክንበት ልጅቱ በጓሮ ወጥታ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወረደች። ዳር ላይ ያለው ፊላ ከሰው ቁመት በላይ ነው። እዚያ ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታ ቆመች።

የሐይቁን የታኅሣሥ ጠዋት ያላየ ሰው ውኃው ሲጨስ ሲያይ የሞቀ ይመስለዋል። ጭሱ ብርድ ነው። ከአምባሰል የሚወርደው ነፋስ ፊት ላይ እንደ ምላጭ ያልፋል። እነሱ ዳር ዳሩን ሲያስሱ፣ ጭዱን በሳንጃ ሲወጉ፣ ላሞቼን ሲያስደነብሩ ረፋድ ሆነ። ልጅቱ ይህን ሁሉ ሰዓት ንቅንቅ ሳትል ውኃ ውስጥ ቆማለች። በመጨረሻ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን ሲገፋ ጠጉሯ መቅዘፊያው ላይ ተጠመጠመ። ሰውዬው ጮኸ። ምን ያድርግ፤ ሰው ሲያገኝ መጮህ የሰው ነው።

ጎትተው አሸዋው ላይ አጋደሟት። ከንፈሯ የጠቆረ፣ ጣቶቿ የደረቀ እንጨት። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። አንዱ ጠባቂ በአፈሙዙ እጇን ገፋ አድርጎ "ሞታለች" አለ።

"እናንተ ብሎ ሞት አዋቂ!" አልኩት። ተንበርክኬ ሁለት ጣቴን አንገቷ ሥር ሰደድኩ። ልማዴ አንድ ነው፤ በሆዴ ላ ኢላሃ ኢለላህ እያልኩ እጠብቃለሁ። አንደኛውን ጨረስኩ፤ የለም። ሁለተኛውን ጨረስኩ፤ የለም። ሦስተኛው ላይ፣ ከጉድጓድ ሥር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ አንድ ጊዜ ዱብ አለ።

ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ብዬ ቤት ወስጄ ማየት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ግን አፌን ያያል። ያ የደነዘ ጠባቂ በእኔ ሥራ ገብቶ "ሞታለች" ብሏል። ደሜ ፈላ።

"እኔ በሕይወት ያለ ሰው አላጥብም! አልሞተችም!" አልኩ፤ ከታንኳው ላይ ያለው ሰው ሳይቀር እንዲሰማ አድርጌ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የኑርዬ ፊት በራ። ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

"አለች?" አለ፤ እጁን እያፋተገ። "እሰይ! የደሴ ጓዶች የሚፈልጉት የግብረ አበሮቿን ስም ነው። ስሞቹን ሳትነግረኝ የትም አትሄድም። ሂዱ፣ የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ጥሩልኝ! ያን የልብ መርፌውን ይዞ ይምጣ!"

የልብ መርፌ ያለውን ልናገር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታረቀኝ የሚባል ማር ቆራጭ አምባሰል ሥር ንብ ነድፎት ፊቱ እንደ ቅል አብጦ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ብሎ በቃሬዛ መጥቶ ነበር። ድሬሰር ታመነ አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት ጭኑ ላይ ወጋው። ሰውዬው ወዲያው ተነሥቶ ቁጭ አለና "ቀፎዬን ማን ያዘልኝ?" አለ። ይህን ያየ ሁሉ አንድ ነገር ልቡ ውስጥ አስቀመጠ፤ ነፍስ ያለው ሰው ያን መርፌ ተወግቶ የማይነሣ የለም፣ ያልተነሣ ሞቷል። ኑርዬ እንዲህ ነበር የሚያምነው። እኔም እንዲሁ። ያን ጊዜ የእኛ አገር ሰው ሁሉ ሞትን በዚያ መርፌ ነበር የሚለካው።

ታመነ መጣ። የአምባሰል ክርስቲያን ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ሳጥኑን አስቀምጦ የሙቀት መለኪያውን ብብቷ ሥር አደረገና ቆየ። አውጥቶ ሲያየው ግንባሩ ተኮማተረ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ መለኪያ ከሚጀምርበት መስመር እንኳ አልደረሰችም። መጀመሪያ ቀስ ብላ ትሙቅ። እንዲህ የቀዘቀዘ ሰው መርፌውን…"

"አብዮቱ ምድጃ እስኪነድ አይጠብቅም" አለው ኑርዬ። "ውጋ።"

"ጓድ…"

"ታረቀኝን ስትወጋ ማሞቂያ አንድደህ ነበር? የእሷ ወገን ነህ ልበል?"

ታመነ ሳጥኑን ከፈተ። ትንሿን ብልቃጥ አንገቷን ሰበረ፣ ሳበ፣ ጭኗ ላይ ወጋ። ሰው ሁሉ እንደ ታረቀኝ ብድግ እንድትል ይጠብቃል። ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ምንም።

"ድገም።"

ደገመ። ምንም።

"ጨምር።"

ጨመረ። የራህማ ፊት እንደዚያው ነው፤ ሽፋሽፍቷ ላይ ያለው ውኃ እንኳ አልተነቃነቀም።

"ሌላ?" አለ ኑርዬ።

"አልቋል" አለ ታመነ። ሳጥኑን ቶሎ ዘጋው። ከመዝጋቱ በፊት ግን አንድ ብልቃጥ ቀርቶ አይቻለሁ።

ኑርዬ ወደ እኔ ዞረ። "እስቲ አንቺ አዋቂዋ፣ ንገሪን።"

ጣቴን መልሼ ሰደድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራተኛው ላ ኢላሃ ኢለላህ ላይ ዱብ። ቀና ስል ታመነ ዓይን ለዓይን እያየኝ ነው። ያ መሬት የሚያይ ሰው። በዓይኑ የሚለው ግልጽ ነበር።

"ሞታለች" አልኩ።

"አልሰማሁም።"

"ሞታለች።"

"ቅድም አልሞተችም ብለሽ አልነበር? ተሳስቻለሁ በያ! ሰው ይስማሽ!"

በዕድሜዬ ሙሉ ያን ቃል ተናግሬ አላውቅም። ባሌን እንኳ አላልኩትም፤ እሱ ነው ሲለኝ የኖረው። "ተሳስቻለሁ" አልኩ። ከኋላ አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች፣ አንዱ ሳቀ። የሳቀውን አውቀዋለሁ። ቆይቼ ዋጋውን ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ኑርዬ ትእዛዙን ሰጠ። "የአብዮት ጠላት ናት። ሶላት የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ከአስር ሶላት በፊት አፈር ትልበስ። እንባ ያየሁበት ሰው ከእሷ ጋር ይቆጠራል።" አብደላ የሚባለውን ጠባቂ ደጄ ላይ እንዲቆም አደረገና እሱ ወደ ደሴ ስልክ ሊደውል ወደ ከተማ ሄደ። ሲሄድ ለጓዶቹ የሚለውን ሰማሁ፤ "እርምጃ ወስደንባታል ብዬ ነው የምነግራቸው።" ብርድ የገደላትን ለራሱ ሊያስመዘግብ ነው። ይሁንለት።

ወንድሜ ዘይኑና ታመነ ተሸክመው አስገቧት። ወንድሜ አፉ ተያይዟል፤ ልጁ የሞተችበት ነው የሚመስለው። በሩን ገርበብ አድርጌ "አልሞተችም፣ ድምፅህን አታሰማ" ስለው ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ።

እኔማ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። የማጠቢያውን ውኃ ከቁርቁራ ቅጠል ጋር ጥጄ ነበር፤ ይንተከተካል። በዚያ ላይ እንጨት ጨመርኩ። ነበልባሉ አጠገብ ላስተኛት፣ በትኩስ ውኃ እግርና እጇን ላሽላት ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ታመነ እጄን ያዘኝ። ወንድ እጄን ከያዘኝ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር።

"እሳቱን ያጥፉት" አለኝ።

"አበድክ? ልጅቱ እኮ በረዶ ሆናለች!"

"ለዚያ ነው። እማ ኡሙ፣ ያ ሦስት መርፌ የት የሄደ ይመስልዎታል?"

"የት ይሄዳል? ባከነ።"

"አልባከነም። ውስጧ ነው። ሥጋዋ በብርድ ስለተዘጋ ገሚሱ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ልቧ ጋ የደረሰውንም ልቧ አልሰማውም። የቀዘቀዘ ልብ ያን መድኃኒት አይሰማም። ሲሞቅ ግን ይሰማል። አሁን እሳት ዳር ቢያስተኟት ሦስቱም አንድ ላይ ይነሡባታል።"

"አንተ ይህን በምን አወቅህ? ልቧ ውስጥ ገብተህ ነው?"

"ስንማር መምህራችን የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በሁለት ሳሕን አስቀመጠ…"

"የምን?"

"የእንቁራሪት።"

"መንግሥት ደመወዝ የሚከፍላችሁ ለዚህ ነው?"

"ይስሙኝ፣ እማ ኡሙ፣ ጊዜ የለንም። የእንቁራሪት ልብ ከገላ ወጥቶም ለጥቂት ጊዜ ይመታል። አንዱ ሳሕን ለብ ያለ ውኃ ነበረው፣ አንዱ የጉድጓድ ውኃ። መምህሩ ከዚህ መድኃኒት በሁለቱም ላይ እኩል ጠብ አደረገ። ለብ ያለው ወዲያው ጋለበ። ቀዝቃዛው ግን እንዳልተነገረው ሰው በዚያው በዝግታው ቀጠለ። ጨመረበት፤ ያው ነው። ከዚያ ሌላ ጠብታ ሳይጨምር ቀዝቃዛውን ሳሕን የፈላ ውኃ ላይ አስቀመጠው።"

"እና?"

"ጋለበ። ከዚያ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቆመ።"

እሳቱ ውስጥ እንጨት ተሰነጠቀ። ታመነ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። "እንቁራሪት ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ዓመት ግሸን ሊሳለሙ የሄዱ አንድ ሽማግሌ በረዶ መትቷቸው መጡ። እኔ እንደ ዛሬው ወጋሁ፣ አልሰሙም፣ ደገምኩ፣ ከዚያ ብርድ ልብስና ከሰል አቀረብኩላቸው። ሲሞቁ ደስ ብሎኝ ነበር። ልባቸው እጄ ላይ ነው የፈነዳው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኩትም። እሳቱን በአመድ ቀበርኩት። "ምን ላድርግ?" አልኩ፤ ይህንንም ለሰው ብዬ አላውቅም ነበር።

"እጅና እግሯን አይሹ። ብድግ አያድርጓት፤ እንደተጋደመች ትቆይ። እርጥቡን ልብስ አውጥተው ደረቷን በራስዎ ገላ ያሙቋት፤ ከሰው ገላ የበለጠ ልኩን የሚያውቅ ማሞቂያ የለም። ልቧ መሮጥ ሲጀምር ፈቀቅ ይበሉ፣ ደረቷ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያድርጉ። ሲረጋጋ ይመለሱ።"

"እስከ መቼ?"

"ፀሐይ እስክታዘነብል።"

"አስር ላይ መቀበር አለባት እኮ!"

"እሱን እኔ አላውቅም" አለ። አብደላ ከደጅ ሳል ብሎ ነበርና ታመነ ሳጥኑን አንሥቶ ወጣ። ሲወጣ ለአብደላ "እግዜር ያጥናችሁ በልልኝ" ሲለው ሰማሁ። ውሸት የማይችል ይመስለኝ ነበር።

መቃብሩን ወንድሜ ጓሮ ጀርባ፣ የአባቶቻችን አጥንት ካለበት ቆፈረ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ወርዶ እርጥብ ፊላ አጭዶ በጓሮ አስገባ። አብደላ ሲጠይቀው ለመቃብሩ ንጣፍ ነው አለው።

"ይህን ነው የምንቀብረው?" አለኝ፤ ነዶውን እያየ።

"ይህን ነው።"

"ከፈን አልብሰን?"

"ታዲያ ራቁቱን ልትቀብረው ነው? ዝም ብለህ እሰር!"

ወንድሜ ነዶውን በከፈኑ ጠቅልሎ አሰረ። ወዲያው ሁለት ጎረቤት ሊጠራ ሄደ። ወንድ አጠገቧ አይገባም፤ ኑርዬ ራሱ ቢመጣ ሴት በምትታጠብበት ቤት እግሩን አያስገባም። ሊቀመንበር ቢሆንም የእናቱ ልጅ ነው፤ በዚያ ነበር የተማመንኩት።

ልብሷን አውጥቼ በጋቢ ሸፈንኳትና ከሥሩ ገብቼ ደረቴን ደረቷ ላይ አድርጌ ተጋደምኩ። ስንት ገላ አጥቤያለሁ፤ ቅዝቃዜ ለእጄ ብርቅ አይደለም። ይኼ ግን ሌላ ነው። የሞተ ሰው ገላ ከአጣቢው ምንም አይፈልግም። የእሷ ገላ ሙቀቴን ይስባል። አጥንቴ ድረስ ገባብኝ። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ።

አራት ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ አንድ ምት። ቆይቶ ሦስት። ቆይቶ ሁለት። የቀትሩ ዙህር ሲደርስ ትንፋሿ አንገቴን ነካኝ፤ የዝንብ ክንፍ ያህል።

የመጀመሪያው መርፌ ከዚያ በኋላ ተነሣባት። ልቧ በድንገት ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ፣ ከዚያ ገመድ እንደበጠሰ በቅሎ ፈረጠጠ። ምቱን መቁጠር አይቻልም። ፈቀቅ ብዬ በሐይቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ደረቷ ላይ ጣልኩ። ገላዋ ሁሉ ዘለለ። "ቀስ፣ ቀስ በይ ልጄ" እያልኩ እጄን አሳረፍኩባት። ቀስ እያለ በረደ። ጨርቁን አንሥቼ ተመለስኩ።

"እማ ኡሙ!" አለ አብደላ ከውጭ። "ምነው ቆያችሁ? የአንዲት ኮረዳ እጥበት ይህን ያህል ነው?"

"አንተ ስትሞት ባጭሩ አሳጥብሃለሁ፤ አሁን አፍህን ዝጋ!"

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። እየፈረጠጠ ሄዶ ሄዶ መንገድ እንደጠፋው መደናቀፍ ጀመረ፤ ሁለት ይመታል፣ ይቆማል፣ አምስት ይመታል፣ ይቆማል። ታመነ ያለው የእንቁራሪቷ ሳሕን ዓይኔ ላይ መጣ። ጨርቁን ሦስቴ ቀየርኩ። ሲረጋ ከንፈሯ ላይ ትንሽ ቀለም ነበረበት።

አስር ደረሰ። ወንድሜና ሁለቱ ጎረቤቶች ከፈን የለበሰውን ፊላ በቃሬዛ አንሥተው ወጡ። አብደላ እስከ ጓሮው ጥግ ሸኛቸው፤ ከዚያ አላለፈም፤ ጀናዛ የሚፈራ ሰው ነው። ምንም ድምፅ የለም፤ ሶላት የለም፣ ለቅሶ የለም። አፈር ሲዛቅ ብቻ ይሰማል። አብደላ ተመልሶ ደጄ ላይ ቆመ።

ሦስተኛው ያን ጊዜ መጣ። ጭኗ ሞቆ ስለነበር የቀረው ሁሉ አንድ ላይ ተለቀቀ መሰለኝ። ልቧ ጎድኗን ከውስጥ መታው። ጋቢው ከላይዋ ላይ ሲነሣና ሲወድቅ በዓይኔ አየሁት። ጨርቁን ጣልኩ፤ ውኃውን በእፍኜ ረጨሁ፤ አልሰማም። ዓይኗ ተከፈተ። አላየችኝም። አፏን ከፍታ ጮኸች። አንድ ጊዜ፣ ረዥም፣ ቤቱን የሰነጠቀ ጩኸት።

የአብደላ ጫማ ደጅ ላይ ሲዞር ሰማሁ።

አላሰብኩም። ጮህኩ። ከእሷ ጩኸት ላይ ቀጥዬ፣ በዚያው ድምፅ፣ ወዬ አልኩ። በሩን በርግጄ ወጥቼ አብደላ እግር ሥር ወደቅኩ። ደረቴን ደቃሁ፣ ሻሼን ጣልኩ፣ ፊቴን በጥፍሬ ቧጨርኩ። ባሌ ሲሞት ያላለቀስኩትን፣ እናቴ ስትሞት ያላለቀስኩትን ሁሉ አወጣሁት። "ራህማዬ! ወየው ራህማዬ!"

"እማ ኡሙ! ዝም በይ! ተከልክሏል እኮ!" አብደላ ግራ ቀኝ ያያል፤ የሚያየው ሰው እንዳለ። "ስለ አላህ ዝም በይ፣ እኔን ታስመቺኛለሽ!"

ይበልጥ ጮህኩ። መንደሩ ብቅ ብቅ አለ። አብደላ ፈራና በሰደፉ ትከሻዬን መታኝ። ከዚያ እጄን ጠምዝዞ እየጎተተ ወሰደኝ። አንገቴን አላዞርኩም። ከቤቱ ሌላ ጩኸት አልተሰማም። ልቧ በርዶ ይሁን ቆሞ፣ የማውቅበት ምንም መንገድ አልነበረም።

ቀበሌው የእህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉብኝ። አመሻሹ ላይ ኑርዬ ከከተማ ተመልሶ ገባ። ደሴዎቹ አመስግነውት ነበር መሰል ደረቱን ነፍቷል።

"ለጠላት አለቀስሽ?"

"ለወንድሜ ልጅ አለቀስኩ።"

ደረቱ ቀስ በቀስ ተነፈሰ።

"አንቺ ለሰው አልቅሰሽ አታውቂም" አለ። "እናቴን ስታጥቢ እኔ ደጅ ሆኜ ስነፋረቅ፣ ወጥተሽ 'ምን ያነፋርቅሃል፣ ውኃ ቅዳ' ነው ያልሽኝ።"

በሩን ቆልፎብኝ ብቻውን ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ብቻውን መጣ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አዲስ አፈር ነው። ሱሪው ላይ ነጭ የፊላ ጥጥ ተለጥፏል። በሩን ዘጋና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሽጉጡን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"የት ናት?"

"ቀብረናታል።"

"እማ ኡሙ!" ከሊቀመንበርነቱ ወዲህ እማ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። "ሦስት መርፌ ተወግታለች! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ! ታረቀኝ በአንድ ነው የተነሣው! ያ ክርስቲያን ውኃ ነው የወጋት?"

"መርፌው መርፌ ነበር። አንተ ነህ ምድጃ አልጠብቅም ያልከው።"

አልገባውም። እኔም ላስረዳው አልፈለግኩም። በሩን ከፍቶ "ታመነን አምጡልኝ!" አለ። አብደላ በሩቁ ሆኖ "ታመነ የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከትናንት አመሻሽ ጀምሮ ሳጥኑም እሱም የሉም። ዘይኑልአቢዲንም ከነአህያው የለም" አለው።

የሞተችን ልጅ በአህያ ጭነው አይሸሹም።

ኑርዬ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከፊቱ የአምባሰል ተራራ ደመና ለብሶ ይታያል። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን አንግተው ትእዛዙን ይጠብቃሉ። አምስት ሰው፣ የግማሽ ቀን መንገድ። አህያ የያዘን ሽማግሌ መያዝ ከባድ አይደለም።

"ማንን እንፈልግ፣ ጓድ?" አለ አንዱ።

ኑርዬ አፉን ከፈተ። ለደሴ የተናገረው ትዝ ሲለው ፊቱ ላይ አየሁት። የሞተች፣ እርምጃ የተወሰደባት፣ የተመሰገነባት። አሁን በሕይወት ናት ቢል ውሸታም እሱ ነው። ውሸታም ሊቀመንበርን ደግሞ በዚያ ዓመት ምን እንደሚያደርጉት ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

"ማንንም" አለ። "ማንንም አትፈልጉ።"

ወደ እኔ ዞረ። ሽጉጡ እጁ ላይ ነው። ሊተኩስ ነው ብዬ ሸሃዳዬን በሆዴ ጀመርኩ። ግን አልተኮሰም። "አንድ ቃል ብትተነፍሺ" አለ፤ አልጨረሰውም።

በሕገ ወጥ ለቅሶ ተብዬ አርባ ቀን ታሰርኩ። ስወጣ ቤቴ ባዶ ነበር። መደቡ ላይ ያ የተነከረ ጨርቅ ደርቆ ተለጥፏል። መጋቢት ላይ አንድ ማር ነጋዴ ከአምባሰል ወርዶ ደጄ ላይ ቀፎ እያሳየኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ ልጅቱ አለች፣ አባቷም አለ፣ ድሬሰሩ ወደ በረሃ ወርዷል። ትበላለች፣ ትሄዳለች። ብርድ ሲመታት ብቻ ደረቷን ይዛ ቁጭ ትላለች።

ያ ተራራ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ብርድ ነው። ለሰውዬው ጋቢዬን አውልቄ ሰጠሁትና "ልብሷን ታብዛ፣ እሳት ግን አትጠጋ በላት" አልኩት። ገርሞት አየኝ። በእሱ ትከሻ አሻግሬ ሳይ ኑርዬ መንገዱ ማዶ ቆሟል። ማሩን አላየም፤ ጋቢዬ ወዴት እንደሚሄድ ነበር የሚያየው።